የብራዚል ሴቶች በጸጉር ቤታችን

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። ባለፈው ፋሲካ ሁሉም አዳማ ተሰብስበው ሳለ አንደኛዋ ስልኳን ስትነካካ ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት በማይገባ ቋንቋ ቀስ ብላ ማንጎራጎር ጀመረች። እኔም ሽንኩርቴን እየላጥኩ አብሬ አንጎራጎርኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እማዬ! ይሄን ከየት ታውቂዋለሽ? የብራዚል እኮ ነው!»

አውቃለሁ አልኳቸው። ከእሷ ቀጥላ የምትመጣዋ ደግሞ ድምጿ ወፍራም ነው፣ ጉንፋን የያዛት ትመስላለች አልኩ። እሷው መጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ዕረፍት የለኝም።

እንግዲህ እኔ ልንገር፣ ትንሿ ትጻፈው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጅ ለማድረስና ልጅ ለመመለስ ብቻ ነው። ያለችኝም ፊደል ከእነሱ ደብተር ላይ አጮልቄ ያገኘኋት ናት፤ ስሜን ለመጻፍ ትበቃለች፣ ለብራዚል አትበቃም።

ልጆቼ አንድ ቦታ አልሰፈሩልኝም። አንዱ ሁሩታ ስንዴ ይዘራል፣ አንዱ ዓለም ጤና ሽንኩርት ያለማል፣ ሴቷ ልጄ ዱከም ናት። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ስዞር እኖራለሁ። ሰው «ልጆቿን ልትጠይቅ ነው» ይላል። ልጆቼ ደህና ናቸው። የምዞረው መንገዱን ስለምወድ ነው። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ይለቁልኛል፣ ወሬው በነጻ ነው፣ ስወርድ ደግሞ ረዳቱ እጄን ይዞ ያወርደኛል። ቤት ውስጥ ማንም እጄን አይይዘኝም።

ይህ ነገር በሆነ ጊዜ ግን ዙረቴን ትቼ አዳማ ተቀምጬ ነበር። ምክንያቱ የልጅ ልጄ ናት፤ የዱከሟ ልጄ የመጀመሪያ ልጅ። ዱከም ፋብሪካ ገብታ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። ኮሌታ ብቻ። ሙሉ ሸሚዝ ምን እንደሚመስል የምታውቀው እንደማንኛውም ሰው መንገድ ላይ አይታ ነው። ባሏ ሥራ ልፈልግ ብሎ ወጥቶ፣ ሥራውን ያግኘው አያግኘው እስከ ዛሬ አላስታወቀንም። ገና የምትጠባ ሴት ልጅ ነበረቻት። እናት ጎህ ሳይቀድ በሠራተኛ ማመላለሻው ትወጣለች፣ መሽቶ ትመለሳለች፤ ልጅቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ታዲያ ከሥራ መጥታ እጇን ስትዘረጋላት ልጅቱ እንደ እንግዳ አየቻትና እየዳኸች መጥታ ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች። የልጅ ልጄ እራቷን በላች፣ ሳህኗን አጠበች፣ በነጋታው ኮሌታውን ተወችው።

ከትንሽነቷ ጀምሮ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ጸጉር የምትሠራ እሷ ነበረች። አዳማ መጥታ ከአንዲት ባልቴት ግቢ ፊት ለፊቷን ወደ መንገድ ያዞረች አንዲት ክፍል ተከራየችና ጸጉር ቤት ከፈተች። አንድ መስታወት፣ ጥቂት ወንበር፣ አንድ ካስክ ከሌላ ጸጉር ቤት አሮጌውን የወሰደችው። ራስ ላይ ደፍተውት ጸጉር የሚያደርቀውን ማለቴ ነው። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ነበር። እኔ ፎጣ አጥፋለሁ፣ ጸጉር የሚጠቀለልበትን ቢጎዲን አቀብላለሁ፣ ልጅቱ ከእግራችን ሥር ከእናቷ ጋር ትውላለች። ይሄ ካልሆነላት እሷ ወደ ኮሌታው ትመለሳለች፣ ልጅቱ ከእኔ ጋር ዓለም ጤና ትወርዳለች። ይህ በቤታችን ተነግሮ ያለቀ ነገር ነበር፤ ማንም ደግሞ አያነሳውም፣ ማንም ደግሞ አይረሳውም።

አከራያችን ጴንጤ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን የሴቶች ኅብረት ይመሩ ነበር። ቁልፉን ሲሰጧት እንዲህ አሉ፦

«ውሃ አልከለክልሽም። እንግዳ አልቆጥርብሽም። ዘፈን ግን በግቢዬ አይሰማም። ዘፈን የሰማሁ ቀን ቁልፌን ትመልሽልኛለሽ፣ ልጄ።»

ይህን ብለው ገቡና ምሳ ይዘውልን መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር።

እኔ እመቤቴን የምል ሰው መሆኔን ያውቃሉ። «ጌታ ያግኝዎት እማማ» ይሉኛል በየጠዋቱ። «ተገናኝተናል» እላቸዋለሁ። በዚህ ሁኔታ በሰላም ኖርን።

ችግሩ ጸጉር ቤት ያለ ድምጽ አይሆንም። ማዶ ያለው ጸጉር ቤት ቀኑን ሙሉ ዘፈን ያንቆረቁራል፣ የባጃጅ ነጂ ሳይቀር እዚያ ደጅ ሲደርስ ፍጥነት ይቀንሳል። የልጅ ልጄ በመጀመሪያ የጴንጤ መዝሙር ከፈተች። የተዋሕዶዎቹ ደንበኞች ጸጉራቸው ሳይደርቅ ተነሱ። የተዋሕዶ መዝሙር ከፈተች፤ የጴንጤዎቹ በትህትና «ሌላ ቀን እንመለሳለን» አሉ፣ አልተመለሱም። አንዲት ጎረቤት ሙስሊም ናት፣ ለእሷ ብላ ነሺዳ ከፈተችና ሁለቱም ወገን ባንድ ላይ ወጡ። በዚያ ቀን ብቻ ነው የተስማሙት።

ስለዚህ ቴፑን ዘጋችው። ጸጥታ ሆነ። ጸጥታ ደግሞ ለጸጉር ቤት መርዝ ነው። አንዲት ሴት ካስክ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ካስክ ውስጥ ያለ ሰው የራሱን ድምጽ አይሰማም፣ የሚያንሾካሹክ መስሎት ይጮኻል። ሹሩባ ወደምትሠራዋ ጎንበስ አለችና፣ «የባለ ፋርማሲው ሚስት አምስተኛ ልጅ አረገዘች አሉ፤ እሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ሞያሌ ነው የነበረው!» ብላ ጮኸች። የባለ ፋርማሲው ሚስት በቢጎዲን ሆና አጠገቧ ተቀምጣለች። እርጉዝም አልነበረችም፤ ወፍራ ነው። ሁለቱንም ደንበኞች አጣናቸው። ከእነሱ ጋር የመጡትንም አጣን።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው ያቺ አስተናጋጅ የመጣችው። የአውሮፕላን ማለቴ ነው። ለአክስቷ ልጅ ሠርግ አዳማ መጥታ፣ ማዶ ያለው ጸጉር ቤት ሰው ሞልቶባት ወደ እኛ ገባች። ተቀመጠች፣ ዞር ዞር ብላ አየችን።

«ምነው ጸጥ አላችሁ? ሐዘን አለ እንዴ?»

የልጅ ልጄ ነገሩን ነገረቻት። አስተናጋጇ ቢጎዲኑ እስኪረግፍ ሳቀች። በነጋታው፣ ለሠርጉ ለብሳ አምራ፣ መኪና ደጅ አቁማ ገባችና አንድ ሲዲ ሰጠቻት።

«ብራዚል ስንሄድ እዚያ ጸጉሬን የምትሠራኝ ሴት አለች፤ እሷ ናት የሰጠችኝ። ሴቶች ናቸው የሠሩት። ስለ ሴት ልጅ ነው፣ ከትንሽነቷ እስከ እርጅናዋ። ቋንቋው ማንም ስለማይገባው ማንም አይጣላበትም፣ ክፈቺው» አለቻት።

«ዘፈን ነው?» አለች የልጅ ልጄ።

«ጃዝ ነው። ቦሳ ኖቫ ይሉታል።»

«ቦሳ ኖቫ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት እኔ።

«ቀስ ያለ ነው፣ እማማ።»

ይሄ በቃኝ። ሠርጓ ሄደች፣ ከዚያም ወደ ሰማይዋ ሄደች። ስልኳን እንኳ አልተቀበልናትም።

የእኛ ቴፕ ሲዲ አይበላም፤ ፍላሽ ነው የሚበላው። ስልክ ጠጋኙ ጋ ወስደን ወደ ፍላሽ ገለበጠልን። የሲዲውን ሽፋን የልጅ ልጄ መስታወቱ ጥግ ላይ ሰካችው። ሽፋኑ ላይ ሴቶች ባሕር ዳር ባለ የድንጋይ አጥር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ከሕጻን ጀምሮ እስከ አሮጊት። አንዷ ሆዷ ገፍቷል። አሮጊቷ ነጭ ጸጉሯን ለነፋስ ለቃዋለች፤ እኔ ሳያት መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ብርድ ይመታታል የሚል ነው።

ሲከፈት እኔ ገና ሊጀምር ነው ብዬ ስጠብቅ ለካ ጀምሮ ነበር። አይጮኹም። አጠገብ ባለው ክፍል ውስጥ ልጅ አስተኝታ የመጣች ሴት እንደምታወራው ነው። ጊታሩ ምስር የሚለቅም ጣት ይመስላል፤ ይነካል ይተዋል፣ ይነካል ይተዋል። ከበሮውንም አይመቱትም፣ በመጥረጊያ ነው የሚጠርጉት፤ ጤፍ በወንፊት ሲነፋ ሽው ሽው እንደሚለው። መሃል ላይ መለከት ትገባና አንድ ነገር ተናግራ ትወጣለች፤ ምን እንዳለች ማንም አልገባውም፣ ግን ትክክል ተናግራለች።

ሴቶቹ መጀመሪያ ቀን ዝም ብለው ሰሙ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ «ያንን ነገር ክፈቺው» አሉ። ስም ስለሌለው «ያ ነገር» ሆኖ ቀረ። ከዚያ ለእያንዳንዷ ዘፋኝ ስም አወጡላት። አንዷ «እርጉዟ» ናት፤ ትንፋሽ እያጠራት ነው የምትዘፍነው። አንዷ «ምራቲቱ» ናት፤ በትህትና ትጀምርና መጨረሻ ላይ ትናገራለች። ጉንፋን የያዛት የምትመስለው «አማት» ተባለች። አንዷ ደግሞ መሃል ላይ ሳቅ ያመልጣታል፤ እሷን «የምትስቀዋ» አልናት። በአንዷ ዘፈን ምክንያት አንዲት የባንክ ሠራተኛ ካስክ ውስጥ ሆና አለቀሰች። ምን ሆንሽ ስንላት «እኔ እንጃ፣ እናቴን የምትጠራት መሰለኝ» አለች። እናቷ በሕይወት አለች፣ ጭሮ ናት። በዚያን ቀን ደወለችላት።

የባለ ፋርማሲው ሚስት ተመለሰች። ያማቻትም ተመለሰች፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩኝ አላዩኝ ሲባባሉ ዋሉ፣ ግን አልተነሱም። ከወር በኋላ ወንበር ጠበበን፤ ሴቶች ደጅ ላይ በርጩማ ላይ ሆነው ተራ መጠበቅ ጀመሩ።

ወረፋ ያለበት ቤት ደግሞ ወሬ አያጣም። ከሴቶች ኅብረቱ አንዷ ሄዳ ለአከራያችን «በግቢዎ ዓለማዊ ዘፈን ይዘፈናል፣ ሰው ይሰናከላል» አለቻቸው። እሳቸው በነጋታው ከሰዓት በኋላ መጡና በር ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ «ምራቲቱ» እስክትጨርስ ቆመው ሰሙ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የብራዚል ነው እትዬ።»

«አገሩን አልጠየቅኩሽም። መዝሙር ነው ዘፈን?»

የልጅ ልጄ መዋሸት አትችልም፤ ስትሞክር አንገቷ ላይ ቀይ ነገር ይወጣል። «አላውቅም እትዬ። ስለ ሴት ልጅ ነው ተብያለሁ» አለች።

«ስለ ሴት ልጅ ዘፈንም አለ፣ መዝሙርም አለ።» ትንሽ አሰቡ። «እስኪጣራ ድረስ ዝጊው። ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። ይሰማና ይነግረናል። ዘፈን ከሆነ የተነጋገርነውን ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ሲሄዱ ልጇን ከወለሉ ላይ አነሳቻትና ሳያስፈልግ ጸጉሯን ማበጠር ጀመረች። ልጅቱ ጸጉር የላትም ነበር ገና፤ ያቺኑ ጥቂት ደጋግማ አበጠረቻት።

ያንን ሳምንት ጸጥ ብለን ሠራን። ደጅ ያለው በርጩማ ባዶ ሆነ። ዱከም ያለችው ልጄ ደውላ «ፋብሪካው ሰው እየቀጠረ ነው አሉ» አለችኝ። ለልጅ ልጄ አልነገርኳትም። ለእሷም ደውላላት ኖሯል፣ እሷም አልነገረችኝም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ኮትና ከረባት አድርገው መጡ። የሴት ጸጉር ቤት ገብተው አያውቁም፣ ስለዚህ የሚያዩበት ቦታ ቸግሯቸው ጣሪያውን ያያሉ። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር የካስኩ ናት። እዚያ ተቀመጡ። ካስኩ ራሳቸው ላይ ተንጠልጥሎ ፍርድ ሊሰጡ ተሰየሙ። አከራያችን በርጩማ ላይ ሆኑ። እኔ ፎጣዬን ይዤ ጥግ ያዝኩ። አንዲት የሁሩታ ደንበኛችንም ነበረች፤ እድሜዋ የጠና አርሲ ናት፣ የራሷ ግማሽ ተጎንጉኖ ግማሹ ስለቀረ ልትወጣ አልቻለችም።

ሽማግሌው አጭር ጸሎት አደረጉ። አንዷን ዓይኔን ተከፍታ አገኘኋት።

«መለያው ቀላል ነው» አሉ ሽማግሌው። «መዝሙር ልብን ያነሳል፤ ዘፈን ጉልበትን ያነሳል። እስቲ ክፈቺው።»

ተከፈተ። በዚህም የሁላችንም ጉልበት ለፍርድ ቀረበ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ጉልበት ጉልበታችንን ያያሉ። እኛም እንደ ሐውልት ሆነን ተቀመጥን። የእኔ ራስ ትንሽ ይነቃነቃል፣ ግን እሱ ከእድሜ ነው፤ ቀድሜ አስታወቅኳቸው። «እርጉዟ» አለፈች፣ «ምራቲቱ» አለፈች፣ አንድም ጉልበት አልተነሳም። «አማት» ስትገባ ልጅቱ ከመጋረጃው ኋላ ወጣችና መሃል ላይ ቆማ፣ ገና መቆሟንም በቅጡ ሳትችል፣ ጉልበቷን አጠፍ ዘርጋ፣ አጠፍ ዘርጋ ታደርግ ጀመር።

የልጅ ልጄ ዓይኗን ጨፈነች።

«ልጅ በመዝሙርም ይዘልላል» አሉ ሽማግሌው ቆይተው። «ይህ አይያዝም።» ደግ ሰው ናቸው። ከዚያ ሽፋኑን ከመስታወቱ አስነስተው ተቀበሉና አገላብጠው አዩት። «ወንዶቹ የታሉ?»

«ፎቶ አንሺው ይሆናል» አሉ አከራያችን።

ሽማግሌው አላወቁም፣ አልፈረዱም፣ ያቅማማሉ። እኔ ነገሩ ወደ መልካም እያዘነበለ ነው ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ነው የሁሩታዋ፣ ልታግዘን ብላ፣ ማንም ሳይጠይቃት የተናገረችው።

«ዱጋ፣ እውነቱን ልንገራችሁ? ይሄ ዘፈን አይደለም። ይሄ አቴቴ ነው!»

ቤቱ ቀዘቀዘ። አቴቴ የአርሲ ሴቶች ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ፣ ሴት ስትቸገር፣ ባል ሚስቱን ሲበድል ስንቄ በትራቸውን ይዘው ወጥተው የሚያዜሙት። እሷ ከዚህ የሚበልጥ የክብር ነገር አታውቅም፣ ሙሉ ምስክርነቷን ነው የሰጠችው። ጴንጤዎቹ ግን ከዘፈን ይልቅ አቴቴን ይፈራሉ።

«አቴቴ?» አሉ ሽማግሌው፣ ቀና ሲሉም ከካስኩ ጋር ተጋጩ።

«አዎ! ስሙት እንጂ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሴቶች ብቻ። ቃሉ ጠፍቶባቸው ነው እንጂ ያው ነው። እናቴም እንዲህ ነበር የምትለው፣ ቀስ አድርጋ።»

«የብራዚል ሴቶች አቴቴን ከየት ያውቃሉ?» አልኳት እኔ፣ ነገሩን ልመልስ ብዬ።

«ሴት አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

ሽማግሌው ራሳቸውን አሻሹ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ በልባቸው ከአርሲ እስከ ብራዚል ያለውን ርቀት የሚለኩ ይመስላል። በመጨረሻ ወደ አከራያችን ዞሩ። «እህቴ፣ መዝሙር ነው ልል አልችልም፣ ቃሉን አላውቀውም። ዘፈን ነውም ልል አልችልም፣ ጉልበቴ አልተነሳም። ግቢው የእርስዎ ነው፤ ኅሊናዎ የሚልዎትን ያድርጉ። ቤተ ክርስቲያን በዚህ አትከስዎትም።»

የልጅ ልጄ ፎጣ አንስታ ማጠፍ ጀመረች። የታጠፈ ፎጣ ነው።

አከራያችን ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ያችን፣ መሃል ላይ የምትስቅባትን፣ መልሺልኝ» አሉ።

ተመለሰች። ወንፊቱ ሽው ሽው አለ፣ ሴትየዋ ብዙም ሳትጣደፍ ዘፈነች፣ እዚያች ቦታ ስትደርስ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለች። አከራያችን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«ይሄ ጸሎት ነው» አሉ።

«ጸሎት ላይ ይሳቃል እንዴ፣ እህቴ?» አሉ ሽማግሌው።

«ሣራ ስቃለች።»

ሣራ ስቃለች፤ ተጽፏል፣ ሽማግሌው ራሳቸው ሰብከውታል። የሁሩታዋ «እልል» አለች፤ ጊዜው አልነበረም፣ ግን ማንም አልከለከላትም።

«በቀስታ ይከፈት» አሉ አከራያችን ሲነሱ፣ «እሁድ እስከ ቀትር ይዘጋ። ቁልፉ እሷው ጋ ይቆይ።» ወጡ። ሽማግሌው ተከትለው ወጡ፤ በር ላይ ዞር ብለው ሽፋኑን መለሱልኝ። «አሮጊቷ ብርድ ይመታታል» አሉኝ። ሰው ናቸው።

የልጅ ልጄ በሩን ገፋ አድርጋ ፎጣውን ፊቷ ላይ አደረገችው። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነበር፣ ወይም ሁለቱንም። የሁሩታዋ ግማሽ ራሷን እያሳየች «እኔስ?» አለች። ተቀምጣ ጨረሰችላት።

ጸጉር ቤቱ ቆመ። ሁለተኛ ካስክ ገባ፣ ልጅቱ እዚያው ፎጣ ላይ ተኝታ፣ እዚያው ጥርስ አወጣች፣ ከዚያው ደብተር ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። ዛሬ ይሄን የምትጽፍልኝ እሷ ናት። እኔም ዙረቴን ቀጠልኩ፤ ዓለም ጤና ለሽንኩርት ለቀማ፣ ሁሩታ ለአጨዳ፣ ስመለስ «ያ ነገር» ያው እንደተከፈተ አገኘዋለሁ። አከራያችን እሑድ ከሰዓት በቤታቸው መስኮት ስር ወንበር ያወጣሉ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው። ይስሙ አይስሙ አላውቅም። እኔም «ጌታ ያግኝዎት እማማ» ሲሉኝ «ተገናኝተናል» ስላቸው ኖርን፣ አንድ ክረምት አረፉ። ቀብራቸው ላይ የሴቶች ኅብረቱ ዘመረ፣ እኔም በልቤ በራሴ መንገድ ጸለይኩላቸው፤ ሁለቱም የደረሰ ይመስለኛል።

ከዚያ ዓመት በኋላ ሴት ልጃቸው ከባቱ መጣች፤ የእናቷን ቤት ለማየት። ጸጉሯን ልትሠራ ገባች። ቢጎዲን እያቀበልኩ ስለ እናቷ አወራን፣ ያንን ቅዳሜ አነሳሁላት፤ እንዴት ያለ ፍርድ እንደፈረዱ፣ ሳያውቁት፣ ኅሊናቸው ነግሯቸው።

የአከራያችን ልጅ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«ሳያውቁት? እማማ፣ እናቴ እኮ ሁሉንም ታውቅ ነበር። ያን ሳምንት እኔ እዚህ ነበርኩ። ሠርጉ የተደረገበት ቤት ሄዳ የአስተናጋጇን ስልክ አመጣች፤ በእኔ ስልክ ነው የደወልነው። ብራዚሏ ጸጉር ሠሪ ለአስተናጋጇ ሁሉንም አስረድታት ኖሮ ለእናቴ አንድ በአንድ ነገረቻት። ፍቅር ነው፣ መውለድ ነው፣ ባል ነው፣ የሁሉም ዓይነት ነው። ሁሉም ዘፈን ነው።»

«ታዲያ ሽማግሌውን ለምን ጠሩ?» አልኳት።

«እኔም ጠየቅኳት። "እኔ ብቻዬን ብፈቅድ በኪራይ ገንዘብ ዓይኗ ታወረ ይሉኛል። እሱ መጥቶ ፍርድ ካልቆረጠ ግን ነገሩ የእኔ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ በሕይወቱ ቆርጦ አያውቅም" አለችኝ።»

ቢጎዲኑን እጄ ላይ እንደያዝኩ «ያቺስ የምትስቀዋ? ጸሎት ነው ያሏት?» አልኳት።

«እሷማ አሮጊት ናት። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ወጥተዋል። ቤተሰቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ራሴን አሞኛል ብላ ትቀርና፣ ወጥ ቤቷን ዘግታ ብቻዋን ትጨፍራለች። የምትስቀው ድመቷ ስላየቻት ነው። አስተናጋጇ ይህን ስትነግራት እናቴ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አጥብቃ ያዘችው። ከዚያ "በሲዲው ስንተኛዋ ናት?" ብላ ጠየቀቻት።»